አርባው ሳይወጣ፦ ዌንገር የለቀቀ ሰሞን በአንዲት ዲኤስቲቪ ቤት

ሚያዝያ 12 ቀን 2010 ዓ.ም. ዓርብ ነበር። ወደ ቀትር ግድም ስልኬ ላይ አንዲት ቃል ደረሰችኝ፤ «ለቀቀ»። ማን እንደለቀቀ አልተጻፈም። ያን ሰሞን ደግሞ ይቺ ቃል ቀልድ የላትም። የካቲት 8 ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን እለቃለሁ ካሉ ወዲህ አገሩ ጆሮውን አቁሞ ከርሟል፤ አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ቃለ መሐላ ከፈጸሙም ገና ሦስት ሳምንት አልሞላቸውም። «ደግሞ ማን?» ብዬ ጻፍኩ። መልሱ ሲመጣ መጀመሪያ እፎይ አልኩ፣ ቀጥሎ ሆዴ ባባ። «ዌንገር» ይላል፤ የእንግሊዙ አርሴናል አሰልጣኝ አርሰን ዌንገር።

ከዚህ በታች የምተርከው ከዚያ ዓርብ ጀምሮ ክረምቱ እስኪጋመስ ድረስ፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ዳርቻ ላይ ባለች አንዲት ዲኤስቲቪ ቤት የሆነውን ነው። የጉዳይ ጥናት ማለት ትልቅ ስም ነው፤ እኔ ያደረግኩት እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ማየት፣ መጠየቅና ማታ ቤት ስገባ ማስታወሻ መያዝ ነው። አርሴናል ነኝ። ሚዛን ጠብቄያለሁ ብዬ አልዋሽም። የሰዎቹን ስም ትቼዋለሁ፤ ሰፈሩ ጠባብ ነው፣ ነገ እንገናኛለን።

ቤቷና ሰዎቿ

ከመጨረሻዎቹ ብሎኮች ጀርባ፣ ኮብልስቶኑ አልቆ ጭቃው የሚጀምርበት ቦታ ላይ ነች። ግድግዳዋ ቆርቆሮ፣ ውስጧ ብርሃን እንዳይገባ በጥቁር ሸራ የተለበጠ። ከጓሮዋ ወዲያ የሚታረስ መሬት ስላለ ሰኔ ላይ በሬ ሲነዳ ይሰማል። ፊት ለፊት ሁለት ቴሌቪዥን ተሰቅሏል፤ ትልቁ ለዋናው ጨዋታ፣ ትንሹ በዚያው ሰዓት ለሚካሄደው ለሌላው። ድምፁ የትልቁ ብቻ ነው። ስለዚህ በትንሹ የሚከታተል ሰው የራሱን ቡድን በሌላ ጨዋታ ኮሜንታተር ነው የሚያየው፤ ጎል ሳይገባ ጩኸት ይሰማል፣ ጎል ሲገባ ዝም ይላል። በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ አለ፤ «አርሴ ከ ዌስትሃም 9:30» ተብሎ በጠመኔ በኛ ሰዓት ይጻፋል። መግቢያ ያኔ 10 ብር ነበር። መብራት ሄዶ ጄነሬተር ከተነሣ 5 ብር ይጨመር ነበር፤ በዚህች 5 ብር የተነሣ የተጣሉ ጓደኛሞች አውቃለሁ።

ባለቤቱ ማንቼ ነው። ሁሉም ያውቃል፣ እሱም አይደብቅም። «ልቤ ማንቼስተር ነው፣ እንጀራዬ አርሴናል ነው» ይላል፤ ሰፈሩ በብዛት አርሴናል ስለሆነ። አንድ የደብተር ቅጠል ላይ ለእያንዳንዱ ጨዋታ ስንት ሰው እንደገባ በጭረት ይይዛል፣ አምስት አምስቱን እያሰረ። ለዚህ ጽሑፍ ከሁሉ የጠቀመኝ ያ ደብተር ነው።

ከደንበኞቹ ሁለቱን ላስተዋውቅ፣ ክርክሩ ሁሌም በነሱ መካከል ስለነበር። አንደኛው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ዕጣ ደርሷቸው ከመሃል ከተማ ሲወጡ ያመጡት የመጽሐፍ ካርቶንና አርሴናልን ነው፤ የቀረው እዚህ የተገዛ ነው ይላሉ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1999 ካኑ ስታምፎርድ ብሪጅ ላይ፣ 2 ለ 0 ይመራ የነበረውን ቼልሲን በመጨረሻው ሩብ ሰዓት ሦስት አግብቶ 3 ለ 2 ያስቀረበትን ቀን ሲያወሩ፣ ሦስተኛዋን ጎል በእጃቸው መስመር እየሠሩ ነው የሚያሳዩት። ሁለተኛው ብረት በያጅ ነው። የቤቷን አግዳሚዎች የበየደው እሱ ነው። የተወለደው በ1989 ዓ.ም.፣ ዌንገር አርሴናል በገባበት ዓመት። «እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ አንድ አሰልጣኝ፣ እናቴም እንዲህ አልታገሠችኝም» ይል ነበር።

የካቲት 28 ቀን 2009 ዓ.ም. ባየር ሙኒክ ኤምሬትስ ላይ 5 ለ 1 ገባብን። ከሦስት ሳምንት በፊት ሙኒክ ላይም 5 ለ 1 ነበር፤ ድምር 10 ለ 2። አርሴናል በቻምፒየንስ ሊግ ከ16ቱ ዙር ሲሰናበት ለሰባተኛ ተከታታይ ዓመት መሆኑ ነው። በያጁ በማግሥቱ ለበር ሥራ የተረፈውን ቀይ አንቲረስት፣ የብረት ቀለም፣ ይዞ መጣና ከሦስተኛው አግዳሚ መደገፊያ ጀርባ ላይ «ዌንገር ይውጣ» ብሎ ጻፈ። ባለቤቱ አልተቆጣም፤ ማንቼ አይደል። ከአስር ቀን በኋላ ዌስትብሮም ላይ ስንሸነፍ በስታዲየሙ ሰማይ ሁለት ትንንሽ አውሮፕላኖች ባነር እየጎተቱ ሲዞሩ አየን፤ አንደኛው ኮንትራት እንዳይታደስለት የሚጠይቅ፣ ሁለተኛው የሚደግፈው። ጋሼ ዘወር ብለው አግዳሚውን አዩና «አንተም አውሮፕላን ብታገኝ» አሉት። «ጋሼ፣ እኔ አንቲረስት ነው ያለኝ።»

የክርክሩ ፍሬ

ሰው ሲሰማው ስድብ ብቻ ይመስለዋል። ክርክሩ ግን በቂ ሐሳብ ነበረው፤ እንዲያውም በሬዲዮ ከምሰማው አንዳንዱ የተሻለ ነበር።

የጋሼ መከራከሪያ ዕዳው ነው። ዌንገር ሦስት የሊግ ዋንጫ አንሥቷል፤ ሦስተኛውን ያገኘው 38 ጨዋታ ሳይሸነፍ፣ 26 አሸንፎ 12 አቻ ወጥቶ ነው። ያ ሩጫ 49 ጨዋታ ደርሶ ነው ኦልድ ትራፎርድ ላይ የተቋረጠው። ከዚያ ክለቡ 38 ሺህ ሰው ከምትይዘው ከሃይበሪ 60 ሺህ ወደሚይዘው ኤምሬትስ እ.ኤ.አ. በ2006 ተዛወረ። ግንባታው 390 ሚሊዮን ፓውንድ ፈጀ። ዕዳው እንዲከፈል ተጫዋች ተሸጠ፤ ኦንሪ በ2007፣ ፋብሬጋስና ናስሪ በ2011፣ ቫን ፐርሲ በ2012። «ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል» ይላሉ ጋሼ፣ የኮንዶሚኒየም የባንክ ክፍያ ያለበት ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። «በዚያ ሁሉ ችግር ልጆቹን ጦም ሳያሳድር በየዓመቱ አራተኛ ያስገባ አባት ነው።» ሌላም ይጨምራሉ፤ ጆርጅ ዊሃን ከካሜሩን ሞናኮ ያመጣው ማን ነበር? ያ ልጅ በ2010 ዓ.ም. የላይቤሪያ ፕሬዚዳንት ሆነ። ሰውየው የሰው ዓይን አለው። ሲብስባቸው ወደ አገር ቤት ይመጣሉ፤ 31 ዓመት ጠብቀን ለአፍሪካ ዋንጫ ያበቃንን ሰውነት ቢሻውን በዓመቱ አሰናብተን ምን አተረፍን? «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል።»

በያጁ ለዚህ መልስ ነበረው። ዕዳው እሺ። ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ኦዚል በ42 ሚሊዮን ተኩል ፓውንድ ሲገዛ የገንዘቡ ምክንያት አልቋል። ከዚያ በኋላስ? እ.ኤ.አ. በ2016 ቼልሲም ማንቼስተር ሲቲም ማንቼም በወደቁበት ዓመት ዋንጫውን የበላው ሌስተር ነው። አርሴናል ሌስተርን ሁለቴም አሸንፎታል፣ 5 ለ 2 እና 2 ለ 1፤ መጨረሻ ላይ ግን በ10 ነጥብ ተበልጦ ሁለተኛ ሆነ። «ሌስተር! ጋሼ፣ ሌስተር ስታዲየም አልሠራም? ዕዳ የለበትም?» እዚህ ላይ ጋሼ ሁልጊዜ ቡና ያዝዛሉ።

እኔ በኳሱ ጉዳይ ልጁ ትክክል ነበር ባይ ነኝ። ከ2013 በኋላ ያለውን ዌንገርን በዕዳ መከላከል አይቻልም። ሦስት የኤፍኤ ዋንጫ (በ2014፣ በ2015 እና በ2017) ጥሩ መሸፈኛ ነበር፣ ግን መሸፈኛ ነው። ስለ ሰውየው ማንነት ደግሞ ጋሼ ትክክል ነበሩ። ሁለቱ የሚከራከሩት ስለ አንድ ነገር ይመስላቸው ነበር እንጂ አልነበረም።

ማንቼዎቹ ይህን ሁሉ በአንድ ቀልድ ይዘጉት ነበር። «አርሴናል የት ነው የሚኖረው? አራት ኪሎ።» ቻምፒየንስ ሊግ የሚያስገባውን አራተኛ መውጣትን እንደ ዋንጫ ቆጥሮ ከሚከርም ቡድን ጋር የሚሄድ ሰፈር ነው በማለት። እ.ኤ.አ. በ2017 አምስተኛ ስንወጣ ቀልዱ ተሻሽሎ «ከአራት ኪሎም ተፈናቀላችሁ፣ ለዚህ ነው አባዶ የመጣችሁት» ሆነ። እዚህ ሰፈር ከመሃል ከተማ የወጣ ሰው ብዙ ስለሆነ ይቺ ትንሽ ትቆነጥጣለች።

ባዶ አግዳሚ

አሁን ወደ ደብተሩ። በ2010 ዓ.ም. ጥር ላይ አጥቂያችን ሳንቼዝ ለማንቼ ተሰጠ። የካቲት ላይ አርሴናል በተከታታይ አራት ጊዜ ተሸነፈ፤ በኦስተርሹንድ፣ በካራባኦ ዋንጫ ፍጻሜ በሲቲ 3 ለ 0፣ በአራተኛው ቀን በሜዳው በዚያው በሲቲ እንደገና 3 ለ 0፣ ከዚያ በብራይተን። የሲቲው የሐሙስ ጨዋታ ሲተላለፍ ካሜራው የኤምሬትስን ቀይ ባዶ ወንበሮች ረድፍ በረድፍ ያሳይ ነበር። እኛ ቤትም ሰው አልነበረም። የደብተሩ ጭረት ከሌላ ጊዜው ሲሶውን እንኳ አይሞላም። የብራይተን ዕለት ደግሞ ባለቤቱ ትልቁን ቴሌቪዥን ወደ ሌላ ቻናል ቀይሮ አርሴናልን ወደ ትንሹ አወረደው። ለአርሴናል ሰፈር ይህ ባንዲራ እንደማውረድ ነው። ማንም አልተቃወመም።

ልዩነቱን ግን ልብ በሉ። ለንደን ላይ ወንበሩ ባዶ ቢሆንም ትኬቱ ለዓመት ተሽጧል፤ ክለቡ ገንዘቡን ወስዷል። አባዶ ላይ ባዶ አግዳሚ ማለት 10 ብር የለም ማለት ነው። የሩቅ ደጋፊ አድማ ሲመታ የሚጎዳው ዌንገርን ሳይሆን ይህን ማንቼ ሰውዬ ነው። በመጋቢት አጋማሽ ባለቤቱ በያጁን «እባክህ ይሂድላችሁ በቃ፣ እኔም ልጆች አሉኝ» ሲለው ሰማሁ። ቤቷ ውስጥ ዌንገር ይውጣ ብሎ ከልቡ የለመነ ሰው ቢኖር እሱ ነው።

ዓርብ ማታ

ዓርብ ጨዋታ የለም። እንደዚያም ሆኖ ከሥራ ስመለስ ቤቷ ሙሉ ነበረች። ባለቤቱ ገንዘብ ሳይጠይቅ ከፍቶ የስፖርት ዜናውን ለቆታል። ፋሲካ መጋቢት 30 ስለነበር ገና በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ነን፣ ዓርብ ቢሆንም ጦም የለም፤ ከአጠገቡ ካለው ሥጋ ቤት ጥብስ እየመጣ ነበር። ለቅሶ ቤት ይመስላል ያልኩት እኔ አይደለሁም። ማንቼዎቹ ራሳቸው ተሰልፈው እየገቡ፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው፣ የእያንዳንዱን አርሴናል እጅ እየጨበጡ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይሉ ነበር። አንዱ ነጠላ አዘቅዝቆ መጥቷል። ሳቅ ነበር፣ ግን ግማሽ ሳቅ።

ሁሉም የሚጠብቀው በያጁን ነው። ዛሬ ይጨፍራል ብለን ነበር። እሱ ግን ሦስተኛው አግዳሚ ላይ፣ ለወትሮው ከማይቀመጥበት ቦታ ተቀምጦ፣ ክንዱን መደገፊያው ላይ ወደ ኋላ ጣል አድርጎ ጽሑፉን ጋርዶታል። ሆን ብሎ ይሁን አላውቅም።

«ደስ አለህ?» አልኩት።

«ይውጣ አልኩ እንጂ ዛሬ ይውጣ አላልኩም።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱ አልሳቀም። ቀስ ብሎ የነገረኝ ይህን ነው፤ አባቱ ገና በልጅነቱ ነው የሞቱት፣ በየሳምንቱ ፊቱን የሚያየው ትልቅ ሰው ቢኖር ይህ ሰውዬ ነው፤ ያንን ረጅም ካፖርት ለብሶ ዚፑ እምቢ ሲለው፣ ውኃ መያዣ ሲወረውር። «ተጫዋቹ ይሄዳል። ኦንሪ ሄደ፣ ቫን ፐርሲ ሄደ፣ ሳንቼዝ ሄደ። እሱ አለ። ስቆጣ የምቆጣው እሱን ነው።»

ባለቤቱ ከበሩ ሆኖ «የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው» አለ። ተገቢ ተረት ነበረች፤ የካቲት ላይ 10 ብር የከለከለ ሁሉ ያን ማታ ስለ 49ኙ ጨዋታ ያወራ ነበር። በደብተሩም ይታያል፤ ከዚያ ዓርብ በኋላ ያሉት ጭረቶች በሙሉ የታሰሩ ናቸው።

ሠልስት

እሑድ ሚያዝያ 14 ከዌስትሃም ጋር ነበር። ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ፤ ሦስተኛ ቀን። ጋሼ ሲገቡ «ሠልስቱ ላይ ደረስን» አሉ። 4 ለ 1 አሸነፍን፣ ላካዜት በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሁለት አገባ። ስለ ጨዋታው ይህ ይበቃል።

ዋናው ነገር የመጣው ከጨዋታው በኋላ ነው። ዌንገር ደጋፊውን እንደማይቀየም፣ ግን ደጋፊው በመላው ዓለም እሱ የሚመኘውን የአንድነት መልክ አለማሳየቱ እንደጎዳው ተናገረ። ይህን በማግሥቱ አንዱ ልጅ ከስልኩ ላይ እየተረጎመ ሲያነብ «በመላው ዓለም» የምትለው ላይ ሲደርስ በያጁ ቀና አለ።

«በመላው ዓለም ነው ያለው?»

«በመላው ዓለም።»

«እኛንም ነው ማለት ነው?»

አንዱ ማንቼ «እናንተ መኖራችሁን በምን አውቆ? ላም አለኝ በሰማይ አሉ!» ብሎ ሳቀበት። ክርክሩ እዚህ ላይ ተለወጠ፤ ስለ ዌንገር መሆኑ ቀርቶ ስለኛ ሆነ። ድምፃችን ለንደን ይደርሳል ወይስ አይደርስም? በያጁ ይደርሳል ባይ ሆነ። ማስረጃም አቀረበ፤ ኅዳር ላይ ሐራሬ ሕዝቡ ሙጋቤን ይውረድ ብሎ ሲወጣ በሰልፉ መካከል ዌንገርም ይውጣ የሚል ወረቀት የያዘ ሰው ታይቶ ዓለም ስቋል። አሜሪካ የትግል ትርዒት ላይ ሳይቀር ታይቷል። «ያ የሐራሬው ልጅ ለንደንን አይቶ ያውቃል? አያውቅም። ግን ደረሰ።» ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጡ። «እንግዲያው ከደረሰ፣ የሰባ ዓመት ሽማግሌ አሳዝናችኋል ማለት ነው። ምረጥ፤ ወይ አልደረሰም በል፣ ወይ ይቅርታ ጠይቅ።» ሰውየው 68 ዓመቱ ነው ብሎ ያረማቸው አልነበረም።

በያጁ አልመረጠም። እኔም ብሆን ምን እንደምል አላውቅም። በዚያው ሳምንት ዌንገር የመልቀቂያው ጊዜ የእሱ ውሳኔ እንዳልነበረ ሲናገር ግን ትንሽ የቀለለው መሰለኝ፤ «አየህ፣ እኔ አይደለሁም ያስወጣሁት።»

ጄነሬተሩ

ሐሙስ ሚያዝያ 18 ማታ ከአራት ሰዓት በኋላ አትሌቲኮ ማድሪድ። ዌንገርን በዋንጫ ለመሸኘት የቀረችው ዩሮፓ ሊግ ናት፣ የግማሽ ፍጻሜ የመጀመሪያ ጨዋታ። በአስረኛው ደቂቃ የነሱ ቭርሳልኮ በቀይ ወጣ፣ ጥቂት ቆይቶ አሰልጣኛቸው ሲሜዮኔም ተባረረ። ላካዜት በጭንቅላቱ ገጭቶ አገባ። እዚህ ላይ ቤቷ እየተንቀጠቀጠች ሳለ መብራት ሄደ።

ጄነሬተሩ ቤንዚን የለውም። አንድ ልጅ ጀሪካን ይዞ ወደ ባጃጅ ማቆሚያው ሮጠ። በጨለማው ውስጥ ሰማንያ የሚሆን ሰው ተቀምጦ ይጠብቃል፤ የአንዱ ስልክ ብቻ ትበራለች፣ ኔትወርኩ ይዞረዋል። «ስንት ነው?» «አንድ ለዜሮ ነው።» «አሁንስ?» «እየፈለገ ነው።» ጄነሬተሩ ሲነሣና ዲኮደሩ ከእንደገና ከፍቶ ምስሉ ሲመጣ ጥግ ላይ ያለችው ቁጥር 1 ለ 1 ትላለች። ማን እንዳገባ፣ እንዴት እንደገባ ያየ የለም። ከኋላ አንድ ድምፅ ወዲያው «ይሄ ሽማግሌ! ለምን ቀየረው?» አለ።

ማንን? የተቀየረ ሰው አልነበረም። ጎሏ በድጋሚ ስትታይ የኮሼልኒ ስሕተት ናት፤ ግሪዝማን ነጥቆት አገባ። ግን ያ ድምፅ ለኔ የዚህ ጉዳይ ቁልፍ ነው። ያላየነውን ጎል በጨለማ ውስጥ ሆነን ለዌንገር ሰጠነው። ሌላ የምናውቀው ሰው የለማ።

ክለቡን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የያዘው አሜሪካዊው ባለሀብት ስታን ክሮንኬ ነው። ተጫዋች ሲሸጥ፣ ገንዘብ ሲያዝ፣ አሰልጣኝ ኮንትራት ሲታደስለት የመጨረሻው ቃል የእሱ ነው። ለንደን ላይ ደጋፊው በስሙ እየጠራ ይቃወመው ነበር። በዚያች ቤት ግን በተቀመጥኩባቸው ወራት ስሙን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሰማሁት፣ ሁለቱም ጊዜ ከኔው አፍ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ስክሪኑ ላይ አይታይም። ካሜራው ጎል በገባ ቁጥር የሚሄደው ወደዚያ ካፖርት ነው። ስለዚህ እኛ ከክለቡ ጋር የምንጣላውም የምንታረቀውም በአንድ ፊት በኩል ነበር። ዌንገር ይውጣ ያለው ሰው ባለቤት ይቀየር፣ በጀት ይጨመር ማለቱ ይሆናል፤ ግን የሚያውቀው ስም ያ ብቻ ነው።

ሁለተኛውን ጨዋታ ማድሪድ ላይ 1 ለ 0 ተሸነፍን፣ ያገባው ዲያጎ ኮስታ። ቀኝ ኋላ ዞረን ወደ ቤታችን።

ንፍሮ

ሚያዝያ 28 ከበርንሌይ ጋር የኤምሬትስ የመጨረሻው ጨዋታ ነበር። በሩ ላይ ጀበና የምታፈላው ልጅ የስንዴና የሽምብራ ንፍሮ በሰፌድ ይዛ ገባች። ያለ ክፍያ። ልደታ ሦስት ቀን ስለቀራት ነው ብትልም ማንም አላመናትም። ሁለት ሰዎች ሟርት ነው ብለው አልበሉም። ጋሼ ዘግነው በሉ።

ስታዲየሙ ውስጥ በየወንበሩ «ሜርሲ አርሰን» የተጻፈበት ቀይ ቲሸርት ተቀምጧል። አንድም ባዶ ወንበር የለም። 5 ለ 0 አለቀ። ከዚያ በክብር አሰልፈው አጨበጨቡለት፣ ያችን ሳይሸነፍ የወሰዳትን የወርቅ ዋንጫ ሰጡት። ማይክሮፎኑን ሲይዝ መጀመሪያ ያነሣው ራሱን አይደለም። ከአንድ ቀን በፊት አንጎሉ ደም ፈስሶ ቀዶ ሕክምና የተደረገለትን የቀድሞውን የማንቼ አሰልጣኝ አሌክስ ፈርጉሰንን ነው፤ ይማርህ አለው። የቤቷ ባለቤት ከወንበሩ ተነሥቶ ሪሞቱን አነሣና ድምፁን ከፍ አደረገ። ሌላ ምንም አላለም። ንግግሩ እስኪያልቅ እንደቆመ ነበር።

በያጁ አላጨበጨበም። እጁን ሱሪው ኪስ ውስጥ አድርጎ እስከ መጨረሻው አየ። ሲወጣ ለጋሼ «ደኅና እደሩ» ብሎ አለፈ፤ ወትሮ ሳይከራከር አይሄድም ነበር።

ሌላው ሁሉ በፍጥነት ሆነ። ግንቦት 5 ሐደርስፊልድ ላይ የመጨረሻው፣ 1,235ኛው ጨዋታ፤ ኦባምያንግ ባስቆጠራት ጎል 1 ለ 0። ስድስተኛ ሆነን ጨረስን። ግንቦት 15 ደግሞ ኡናይ ኤምሬ ተሾመ። ጀበናዋ ልጅ ዜናውን ስትሰማ በጣቷ ቆጠረችና «እንዴ፣ አርባው እንኳ ሳይወጣ!» አለች።

ነሐሴ

ነሐሴ 1 ክሮንኬ የሌላውን ባለድርሻ የኡስማኖቭን 30 በመቶ ድርሻ ጠቅልሎ ለመግዛት መስማማቱ ተነገረ፤ ክለቡ ሙሉ በሙሉ የአንድ ሰው ሊሆን ነው። ቤቷ ውስጥ ያነሣው የለም። ያነሡት ሁሉ ስለ ነሐሴ 6 ነበር፣ የኤምሬ የመጀመሪያ ጨዋታ፣ ከሲቲ ጋር፣ ልክ 12 ሰዓት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው፤ እንዲያም ሆኖ መቀመጫ ጠፍቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ያለው ጽሑፍ ተጎድቷል። ከበሩ በኩል ያለው ጫፍ የገባ ሁሉ የሚታከከው ስለሆነ «ዌንገር» የሚለው ተፍቆ ቀይ እድፍ ሆኗል። በግድግዳው በኩል ያለው «ይውጣ» ግን እንደተጻፈ ነው።

2 ለ 0 ተሸነፍን። ስተርሊንግና በርናርዶ ሲልቫ። በሰባኛው ደቂቃ ግድም ከኋላ አንድ ወጣት፣ በዓመቱ መጨረሻ ገና ወደዚህ የመጣ፣ «ይሄም ሰውዬ አይሆንም» አለ። በያጁ ዞረበት።

«ገና ዛሬ ጀመረ እኮ! ጊዜ ስጡት እንጂ።»

ጋሼ ከፊት አግዳሚ ላይ፣ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሡ፣ «ስንት? ሃያ ሁለት ዓመት?» አሉ።

ቤቱ ሁሉ ሳቀ፣ ማንቼዎቹ ጭምር። በያጁም በዚህኛው ሳቀ። ባለቤቱ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ ቆርቆሮውን አንኳኳና ለቀጣዩ ጨዋታ የሚቀር ካለ 10 ብር እንዲያዘጋጅ ተናገረ።